የቱቦን ገጽ አሻክሮ የንፋስን ግፊት መቀነስ

ክብ ቱቦ ንፋስ ሲመታው ትልቁ ጣጣ ያለው ከጀርባው ነው። አየሩ ገጹን ተከትሎ ጥቂት ይሄድና ይላቀቃል፤ ከኋላው የሚቀረው ሽክርክሪት ቱቦውን ወደ ኋላ ይስበዋል። ለስላሳ ቱቦ ላይ አየሩ የሚላቀቀው፣ ንፋሱ ፊት ለፊት ከሚያርፍበት መስመር ተነሥተን ብንለካ፣ 80 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ገጹ ሲሻክር ቱቦውን የሚነካው ስስ የአየር ንብርብር ይታወካል፤ ከላዩ ካለው ፈጣን አየር ጉልበት እየወሰደም ገጹን ይዞ ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ ቱቦውን ወደ ኋላ የሚስበው ሽክርክሪት ይጠባል። ሉድቪግ ፕራንትል እ.ኤ.አ. በ1914 ጎቲንገን ውስጥ ለስላሳ ኳስ ላይ ቀጭን ሽቦ አስሮ ያሳየው ይህንኑ ነው።

ለሙከራው 110 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፍሳሽ ቱቦ፣ 40 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ባለሁለት ገጽ ፕላስተርና የስፌት ክር ይበቃል። ንፋሱ ግን ከቤተ ሙከራ የንፋስ ዋሻ መምጣት አለበት። ምክንያቱን ወረቀቱን ከመቁረጥዎ በፊት ያስሉት።

ፍጥነቱን በሜትር በሰከንድ፣ ስፋቱን በሜትር ወስደው ያባዙ፤ ለባሕር ወለል አካባቢ አየር ለ0.000015 ያካፍሉ። የሚያገኙት የሬይኖልድስ ቁጥር ይባላል። የጠረጴዛ ቬንትሌተር 4 ሜትር በሰከንድ ቢነፍስ ውጤቱ 29,000 ገደማ ነው፤ በዚህ ላይ ብርጭቆ ወረቀት መለጠፍ ልፋት ብቻ ነው። በ20 ሜትር በሰከንድ 147,000 ገደማ ይደርሳል፤ ለስላሳው ቱቦ ላይ የአየሩ አካሄድ ገና አይለወጥም፣ ሸካራው ላይ ግን ይለወጣል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ማካፈያው 0.00002 ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ወደ 110,000 ይወርዳልና ፍጥነቱን ትንሽ ከፍ ያድርጉ።

አሁን ቱቦው ላይ ፊት ለፊት የሚሆነውን መስመር በእርሳስ ያስምሩ። ከመስመሩ በግራና በቀኝ 4.8 ሴንቲ ሜትር ይለኩ፤ 50 ዲግሪ ማለት ነው። እዚያ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውን የብርጭቆ ወረቀት ቁራጮች ከላይ እስከ ታች ይለጥፉ። ከ80 ዲግሪ ካለፉ አየሩ ቀድሞ ስለተላቀቀ ምንም አይፈይዱም።

ከቁራጮቹ ኋላ አጫጭር ክሮች በፕላስተር ያያይዙ። ገጹ ላይ ተኝቶ ወደ ኋላ የሚጠቁም ክር አየሩ እንዳልተላቀቀ ይነግርዎታል፤ የሚገለባበጥ ክር ደግሞ እንደተላቀቀ። ግፊቱን በሚዛን ሲለኩ ግን ክሮቹን ያንሡ፤ እነሱም ራሳቸው ሸካራ ናቸው። ባዶውንና የተለጠፈበትን ቱቦ በተለያየ ፍጥነት ያወዳድሩ። ከመጠን በላይ የሻከረ ገጽ ለውጡን በዝቅተኛ ፍጥነት ያመጣዋል፣ ግን ግፊቱ ያን ያህል አይወርድም።

ይህ ዘዴ ለፋብሪካ ጭስ ማውጫ አይሆንም፤ ንፋስ ከየትም ይመጣልና። እዚያ የሚሠሩት የላይኛውን ሢሶ የሚጠመጠሙ ሦስት የብረት ክንፎች ናቸው፤ ቁመታቸው የስፋቱ አንድ አሥረኛ ነው፣ አንዱን ዙር የሚጨርሱት ደግሞ በአምስት ስፋት ከፍታ ነው። ሥራቸው ንፋሱ በጭስ ማውጫው ላይ የሚያመጣውን መንቀጥቀጥ ማቆም እንጂ ግፊቱን መቀነስ አይደለም። እንዲያውም ይጨምሩታል፤ የመሠረቱን ብሎኖች ሲመርጡ ጭማሪውን አብረው ያስሉ።