ሱሰኛውን መርገም ወይስ ማከም?

በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን አንድ ሰው መጠጥ እየጠጣ በተደጋጋሚ ለቅጣት ይቀርብ ነበር። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ እንደተመለከተው፣ አንድ ቀን ደግሞ ተይዞ ሲመጣ ከተሰበሰቡት መካከል አንዱ በምሬት ረገመው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን እንዳይረገም ከለከሉ፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን የሚወድ መሆኑንም መሰከሩለት። ቅጣቱ አልቀረለትም። ከጀመዓው ግን አልተባረረም።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ሐዲስ በመስጂድ ስንሰማ ልባችን ይረጥባል። ወደ ሰፈራችን ስንመለስ ግን የምናደርገው ሌላ ነው። ሱስ የያዘውን ወጣት ጎረቤት ሰላምታ ይነፍገዋል፣ አባት «ልጄ አይደለም» ይላል፣ እናት በስውር ገንዘብ እየሰጠች ታለቅሳለች። አንዱ ይረግማል፣ ሌላው ይደብቃል፤ ወደ ሐኪም የሚወስደው ግን አይገኝም።

በእኛ በከተማ ሙስሊሞች ዘንድ የዚህ ጣጣ መግቢያ በር ብዙውን ጊዜ ጫት ነው። ጫት ሐራም ነው አይደለም የሚለው ክርክር የቆየ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መካ ይኖሩ የነበሩት ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ ከየመን በመጣላቸው ጥያቄ ላይ ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፈው፣ በቁርጥ ሐራም ነው ከማለት ቢቆጠቡም መራቁን መክረዋል። በአገራችንም በዱዓና በወዳጃ ላይ ሲቀርብ የኖረ በመሆኑ ብዙዎች ከሱስ አይቆጥሩትም። እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም፤ ክርክሩን ለዑለማእ ትቼ ቅጠሉ በሰውነት ላይ ስለሚሠራው ልናገር።

በ1975 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ከለጋው የጫት ቅጠል ካቲኖን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ካቲኖን አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ይደክማል፤ ነጋዴው በኮባ ጠቅልሎ ለገበያ የሚያጣድፈውም ለዚሁ ነው። ምርቃናው ሲመጣ ቃሚው ወሬ ይጥመዋል፣ ዓለም ይሰፋለታል፣ ተቀምጦ ሕንፃ ይገነባል። ምርቃናው ሲወርድ ጭንቀት፣ ትካዜና እንቅልፍ ማጣት ይተካሉ። የለመደው ሰው ሳይቅም የዋለ ዕለት ደግሞ ሰውነቱ ይዝላል፣ ይነጫነጫል፣ ሌሊቱን ዱካክ የሚባለው አስፈሪ ቅዠት ይይዘዋል። ብዙ ሰው ይህን ጂን ነው ይላል። የጫት ዱካክ ግን የለመደውን ያጣ አንጎል ምልክት ነው፤ ቀናት ሲያልፉም እየቀለለ ይሄዳል።

እንግዲህ ያን የጠፋ እንቅልፍ ፍለጋ ነው ብዙው ወጣት ወደ ጨብሲ የሚያመራው። የአሳማ ሥጋ ስም ሲጠራ የሚዘገንነው ልጅ ምርቃና ለመስበር ሁለት ጠርሙስ ቢራ ይጀምራል፤ ወይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ክኒን ያፈላልጋል። ሳያውቀው ሱሱ ሁለት ይሆናል። በአንዳንዶች ላይ፣ በተለይ አብዝተው በሚቅሙና ቀድሞውኑ ለአእምሮ ሕመም በተጋለጡት ላይ፣ ነገሩ ይብሳል፤ ሰው ይከታተለኛል፣ ድምፅ ይሰማኛል ማለት ይጀምራሉ።

ቤተሰብ በዚህ ጊዜ የሚሻው መፍትሔ የታወቀ ነው። «ይዳር፣ ሲያገባ ይሰክናል» ይባላል። የሰው ልጅ እንደ መድኃኒት ታዝዛ ትገባለች፤ ቀጥሎም ሕፃናት በችግሩ ላይ ይጨመራሉ። ለሽምግልና የተቀመጡት ሁሉ እውነቱን እያወቁ ለልጅቱ ወላጆች ሳይናገሩ ማለፋቸው፣ በእኔ እምነት፣ ከሱሰኛው ጥፋት ይከብዳል። ሌላው ዘመድ «ይሄ የመጨረሻዬ ነው» እያለ ዕዳ ይከፍላል። ሩቅያ ማስቀራት መልካም ነው። ሐኪም ያዘዘውን ክኒን «ጣለው» ከሚል ሰው መራቅ ግን ግድ ነው።

ለመሆኑ የአእምሮ ሕክምና የፈረንጅ ነው ያለን ማነው? በ934 እ.ኤ.አ. ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት መጽሐፍ፣ አካል እንደሚታመም ሁሉ ነፍስም እንደምትታመም አስተምረዋል፤ ምክንያቱ የሚታወቀውን ሐዘን ምክንያቱ ከማይታወቀው ለይተዋል፣ ስለ ወስዋስም ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥተዋል። በ1284 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ የተሠራው የሱልጣን ቀላውን ቢማሪስታን ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ክፍል ነበረው። እኛ ግን የአማኑኤልን ሆስፒታል ስም መሰዳደቢያ አድርገነዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ለሰው እንነግራለን፤ ለራሳችን ሲሆን በር እንዘጋለን።

ስለ ኸምር የወረዱትን አንቀጾች በቅደም ተከተል ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በመጀመሪያ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገረ (አል-በቀራ 219)፤ ቀጥሎ ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብ ተከለከለ (አን-ኒሳእ 43)፤ በመጨረሻ ፈጽሞ ተከለከለ (አል-ማኢዳ 90)። ዛሬ ክልከላው ሙሉ ነውና ቀስ በቀስ ልተው ለሚል ማስረጃ አይሆነውም። ነገር ግን ፈጣሪ የሰውን ልማድ እንዴት እንደያዘው ያሳያል። ሱስ የተወ ሰው ሊያገረሽበት ይችላል፤ ሐኪሞችም የሚጠብቁት ነው። በዚያ ዕለት «አላልኳችሁም!» የሚለው አጎት ቢዘገይ ይሻላል።

ረመዳን ለዚህ የተመቸ ወር ነበር። ከፈጅር እስከ መግሪብ ሳይቅም የዋለ ሰው መታገሥ እንደሚችል ለራሱ አስመስክሯል። የሚያሳዝነው ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ቁጭ ብሎ መቃሙ ነው። ወንድሙ ወይም ጓደኛው ያን የምሽት ሰዓት ቢይዝለት፣ ተራዊሕ አብሮት ቢሰግድ፣ በእግር ሸኝቶት ቢመለስ፣ የመጀመሪያዎቹን ክፉ ሌሊቶች ያሳልፋል። የአእምሮ መድኃኒት የሚወስድ ግን ከሐኪሙ ሳይመክር ክኒኑን ለጾም ብሎ አያቋርጥ፤ በተለይ ሊትየም የሚወስድ ሰው ውሃ ሲያጥረው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ተከማችቶ ሊመርዘው ይችላል። ሸሪዓው ለታመመ ሰው ፈቅዷል።

አንድ ጉዳይ ቀርቷል። ጫት ማቋረጥ ያስጨንቃል እንጂ በራሱ እምብዛም ሕይወት አያሰጋም፤ ትካዜው በርትቶ ሕይወቱን የመጥላት ነገር ከተናገረ ግን ብቻውን አይተው። መጠጥ ሌላ ነው። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም በቀናት ውስጥ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው፣ ሊሞትም ይችላል። የእንቅልፍ ክኒን ለብዙ ጊዜ የወሰደም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ተውበት ባደረገ ዕለት ቤተሰቡ በደስታ ክፍል ዘግቶ አያስተኛው፤ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ይዞት ይሂድ፤ በቀን ስንት ይጠጣ እንደነበርና የትኛውን ክኒን ይውጥ እንደነበርም ሳያፍር ይንገር።