ለአራስ ልጅ የሚሆነው ጋሪ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ አንድ ወር ቀርቶኛል። እህቴ ልጇን ትገፋበት የነበረውን የሕፃን ጋሪ ልትሰጠኝ ነው። መቀመጫው ቀጥ ያለ ነው፤ ወደ ኋላ አይዘረጋም። የሰፈራችን መንገድ ደግሞ ኮብልስቶን ነው። ይበቃኛል ወይስ ሌላ ልግዛ?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በሰላም ይገላግልዎት። የእህትዎን ጋሪ ይቀበሏት፤ ግን ለኋላ ያስቀምጡት። የአራስ ልጅ አንገት አልጠናም፤ ጭንቅላቱም ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው። ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅና ጠባቡን የአየር ቧንቧ ሊዘጋው ይችላል። የሚያስፈራው ይህ ያለ ምንም ድምፅ መሆኑ ነው። ስለዚህ እስከ 6 ወር ገደማ በጀርባው ተዘርግቶ የሚተኛበት ጋሪ ያስፈልገዋል።

ለኮብልስቶን በአየር የሚነፋ ተለቅ ያለ ጎማ ይመረጣል፤ ትንንሽ የፕላስቲክ ጎማ ልጁን ያንገጫግጨዋል። ፍሬኑን ባዶውን ጋሪ ዳገት ላይ አቁመው ይፈትሹት። ቀበቶው ሁለቱንም ትከሻ፣ ወገቡንና በእግሮቹ መሃል የሚይዝ ይሁን። የገበያ ዘንቢል መግፊያው ላይ አይስቀሉ፤ ጋሪው ወደ ኋላ ይገለበጣል። ፀሐይ እንዳይነካው ብለውም በነጠላ አይሸፍኑት፤ ስስ ጨርቅ እንኳን ውስጡን በፍጥነት ያግለዋል።

አቅም ካልፈቀደ ደግሞ አይጨነቁ፤ እቅፍዎ ይበቃዋል። በአንቀልባ ለማዘል ግን አንገቱ እስኪጠና ይታገሡ። በ4 ወሩ ራሱን ቀጥ አድርጎ መያዝ ካልቻለ የሕፃናት ሐኪም ይየው። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ለመተንፈስ ከተቸገረ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።