የእንቁላሉ ዕዳ

«በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለውን ተረት የማያውቅ ዕጩ መምህር በመካከላችን አይኖርም። እንቁላል ሰርቆ ዝም የተባለው ልጅ አድጎ በሬ ሰረቀ፤ ሊሰቀል ሲል እናቱን ወቀሰ። ተረቱ ትልቅ ትምህርት አለው። ነገር ግን እንቁላሉን ሰርቆ ያልተያዘ፣ በሬም ያልሰረቀ፣ ሆኖም እንቁላሉን በልቡ ተሸክሞ የሚኖር ልጅም አለ። አንዱ እኔ ነኝ።

ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ለፈተና ወረቀት የሚከፈል 2 ብር ይዞ መጣ። እናቱ ሶዶ ገበያ ዝንጅብል ሸጣ የሰጠችው ነው። ከኪሱ ሲወድቅ አየሁና በእግሬ ረገጥኩት። መምህሩ «ሌባው ካልወጣ ማንም ቤቱ አይገባም» ብሎ በሩን ዘጋ። በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ማን ደፍሮ ይናገር? በማግስቱ ሸንኮራ ገዛሁበት። ልጁ በፈተናው ቀን ውጭ ቆሞ በመስኮት ሲያየን እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ያኔ 8 ዓመቴ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕጋችን 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል ተጠያቂ አያደርግም። ኅሊና ግን ዕድሜ አይቆጥርም። በ354 እ.ኤ.አ. በሰሜን አፍሪካ የተወለደው አውግስጢኖስ በ16 ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር ፒር የተባለ ፍሬ ሰርቆ ለአሳማ ጣለ። ዕድሜው ከ40 ካለፈ በኋላ በጻፈው የኑዛዜ መጽሐፉ ያንኑ ፍሬ እያነሳ ራሱን ጠየቀ።

ታዲያ ትንሽ ስርቆት ለምን ይህን ያህል ይቆያል? ሐፍረትና ጸጸት ይለያያሉ። ሐፍረት «ሰው ምን ይለኛል?» ይላል፤ ጸጸት «የበደልኩት ሰው ምን ሆነ?» ይላል። ሐፍረት ያስደብቃል፤ ጸጸት ካሣ ይፈልጋል። ካሣውን የሚከፍልበት መንገድ ያጣ ጸጸት ከልጁ ጋር አብሮ ያድጋል።

ድሮ በአገራችን አፈርሳታ የሚባል ሥርዓት ነበር፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅ የአካባቢው ሰው በአንድነት ተሰብስቦ ይያዝ ነበር። በሩን የዘጋው መምህርም ክፍሉን አፈርሳታ አደረገው። የመመለሻው በር አብሮ ተዘጋ።

በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለሁ የአንዲት ተማሪ እርሳስ ጠፋ። ልጆቹ «ይፈተሽ!» እያሉ ጮኹ። እኔም «ያገኘ ሰው ነገ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጥ፤ ማን እንደሆነ አልጠይቅም» አልኩ። በማግስቱ እርሳሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሁልጊዜ ይሳካል ማለቴ አይደለም። ካልተመለሰም፣ የጠፋበት ልጅ ከትምህርቱ እንዳይጎድል ማድረግ የኛ ድርሻ ነው።

በመሆኑም ውድ ባልንጀሮቼ፣ በእንቁላሉ ጊዜ እንቅጣ ስንል መመለስንም እናስተምር።

የኔስ ዕዳ? በጊፋታ የተጣላ ይታረቃል፤ ከሩቅ ያለም ወደ ቤቱ ይመጣል። ያንን ልጅ በመጪው ጊፋታ ፈልጌ እነግረዋለሁ። 2 ብሩን መመለስ ቀላል ነው። ያመለጠውን ፈተና ግን በምን እንደምመልስለት እስካሁን አላገኘሁም።