አንድ መስመር ለአርባ ልጅ

እ.ኤ.አ. በ2009 ሲኮምና ቲምስ የተባሉት የባሕር ሥር ገመዶች ሞምባሳ ደረሱ፤ ከዚያ በፊት ኬንያ ከዓለም ጋር የምትገናኘው በሳተላይት ነበር። ዛሬ እዚህ ናይሮቢ የቸገረን ገመዱ ሳይሆን ዋጋው ነው። ብዙ ልጆቻችን የቤት ሥራ የሚሠሩት በእናታቸው ስልክ፣ በቀን ጥቅል ነው። ጥቅሉ ማታ ሲያልቅ ልጁ ባዶ ደብተር ይዞ ይመጣል፤ ሰነፍም ይባላል።

ተማሪዎች፣ እስቲ አብረን እናስላ። በሰከንድ 20 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር 40 ተማሪዎች እኩል ቢጠቀሙበት ለእያንዳንዱ ግማሽ ሜጋቢት ይደርሰዋል። ይህ ጽሑፍ ለማንበብ ይበቃል፤ 40 ቪዲዮ ባንድ ጊዜ ከተከፈተ ግን ሁሉም ይንቀረፈፋል። መምህሩ ቪዲዮውን አንዴ አውርዶ በፕሮጀክተር ቢያሳይስ? መስመሩ ለሌላው ሥራ ነፃ ይሆናል። እንግዲህ የምንሻው እጅግ ፈጣን መስመር አይደለም፤ እንደ ንግድ ቤት ሳይሆን እንደ ትምህርት ቤት የሚያስከፍለን ታሪፍ ነው።

ወላጆች፣ ለኢንተርኔት አቅራቢዎች የምንልከው የጥያቄ ደብዳቤ ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል፤ እየመጣችሁ ፈርሙልን። ታሪፉ ከተፈቀደልን መስመሩን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አስገብተን እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት እናደርገዋለን።