ፓራፋንጎ ልትቆርጥ ለተነሣኸው ልጄ

የኔ ልጅ፣ ቶዮታ ሰርፍህ ላይ ትልቅ ጎማ ልታስገባ እንደሆነ ካባላጋላ ቡና ከሚጠጡ ጓደኞችህ ሰማሁ። ካራሞጃ ውስጥ እስካለው ኪዴፖ ፓርክ መንዳት አምሮሃል፤ ይቅናህ፣ ደስ የሚል መንገድ ነው። ያልወደድኩት «ቅዳሜ ጠዋት ካትዌ ወስጄ ፓራፋንጎውን አስቆርጬ ከሰዓት እመለሳለሁ» ያልከውን ነው። ከሶማሌ ተራ ጀምሮ እስከ ካምፓላ ድረስ በጋራዥ ያረጀሁ ሰው ነኝና ተቀምጠህ ስማኝ።

1. ምን እንደምታተርፍ በቁጥር እወቅ። አሁን ያለህ 265/70 በ16 ከሆነ ቁመቱ 777 ሚሊሜትር ያህል ነው። የምትመኘው 285/75 በ16 ደግሞ 834 ይሆናል። ልዩነቱ 57 ሚሊሜትር ነው፤ መኪናህን ከመሬት የሚያነሣው ግን ግማሹ ብቻ ነው፣ 28 ሚሊ። መሐል ላይ 265/75 አለልህ፣ 804 ይሆናል፤ እሱ ብዙ ጊዜ ከፓራፋንጎው ሥር ያለውን ፕላስቲክ በማስተካከል ብቻ ይገባል። እሱ ከበቃህ ላሜራ መቁረጡ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። «ትልቁ ያምራል» ካልክ እሺ፣ ማማሩን አልክድም፤ ግን ለመልክ እንደምትቆርጥ አውቀህ ቁረጥ።

2. መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ የሚያሳይህን አትመን። እናንተ ወጣቶች «ሞላ ካሳደግኩ ቦታ አገኛለሁ» ትላላችሁ። ሞላ የሚያሳድገው መኪናው ሲቆም ያለውን ከፍታ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ገብተህ ጎማው ወደ ላይ ሲገፋ፣ ወደ ላይ መውጣቱን የሚገታው ማቆሚያ ጎማ ካልተለወጠ በቀር፣ ድሮ ይደርስበት የነበረው ቦታ ድረስ ይወጣል። ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ለመንገድ የምትጭነውን ሁሉ ጫን፣ ሰውም አስቀምጥበት። አንዱን የፊት ጎማና በሰያፍ ያለውን የኋላ ጎማ ከፍ ያለ ነገር ላይ አውጣ። የጎማውን ጥርስ ጠመኔ ቀባና መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዙር፣ ወደ ኋላም እያስኬድክ አዙር፤ ከዚያ ሌላውን ወገን ድገም። ጠመኔው ያረፈበት ቦታ እውነቱን ይነግርሃል። እንዲህ ባሉ መኪኖች ፊት ለፊት መጀመሪያ የሚነካው ብዙ ጊዜ ከጎማው ኋላ ያለው ነው፦ ፕላስቲኩ፣ ቀጥሎ ከወለሉ ጋር የተጋጠመው የላሜራ ስፌት፣ ከዚያም ቦዲው ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበት ጥግ። ከውጭ የሚታይህ የፓራፋንጎ ከንፈር ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ችኩል ባለሙያ የሚታየውን ይቆርጥና የሚነክሰውን ይተወዋል። ሻንሲው አጠገብ ያለውን ጥግ ደግሞ የሚቆርጥ ሰው በወፍራም ብረት መልሶ የሚበይድ መሆን አለበት፤ ቦዲህን የያዘው እሱ ነው።

3. መቁረጥ ከሁሉ በኋላ ይምጣ። ፕላስቲኩን በሙቀት አለስልሰህ ወደ ውስጥ ግፋው። ስፌቱን በመዶሻ አስተኛው። የፓራፋንጎውን ከንፈር ወደ ውስጥ እጠፈው። ማቆሚያውን ጎማ ትንሽ አስረዝመው። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከነካ ያኔ ቁረጥ። ስፔሰር ግን አትግዛ። ጎማውን ወደ ውጭ ሲያወጣው መሪ ስታዞር የሚጠርገው ቦታ ይሰፋል፤ የምትቆርጠውም ይበዛል። ይህን ስፔሰር የሚሸጥልህ ሰው አይነግርህም።

4. ለጎማው ብቻ ሳይሆን ለጭቃውም ቦታ ተው። ጎማው አይነካም ብለህ ጋራዥ ውስጥ ስትደሰት አይሃለሁ። የካምፓላ ቀይ አፈር ይለጠፍብህና ውሃ ሲያገኝ ይለቅሃል። ካራሞጃ ውስጥ ከአስፋልት ስትወርድ፣ ወደ ኮቲዶና ካቦንግ ስትል የምታገኘው ጥቁር አፈር ግን የኛው ዋልካ ነው። ሲረጥብ ጎማ ላይ ይጣበቃል፣ ጎማው ይወፍራል፣ በጎማውና በላሜራው መሐል ያለውን ቦታ ይሞላዋል፤ ሌሊት ካደረ በማግስቱ በዲጂኖ የሚፈነቀል ይሆናል። ያን ጊዜ የሚነካህ ላሜራው ሳይሆን ራሱ ጭቃው ነው፤ የፍሬን ጎማ ቱቦና ገመድም ይጎትታል። ስለዚህ በጣም የጠበበው ቦታ ላይ ሁለት ጣትህ እንደልብ ማለፍ አለባቸው። ዝናቡንም እወቅ። እዚህ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፣ ከመጋቢት ጀምሮና ከመስከረም ጀምሮ። እዚያ ግን አንድ ረጅም ወቅት ነው፣ ካምፓላ ደርቆ ሰው አቧራ ሲያማርር ካራሞጃ እየዘነበ ሊሆን ይችላል።

5. ከላሜራው ጀርባ ምን እንዳለ ሳታይ መቁረጫ አታስነሣ። ፊት ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የፍሬን ቱቦ፣ የመስታወት ማጠቢያው ውሃ ሳጥን አለ። ኋላ በአንዱ ወገን የነዳጅ መሙያው ቱቦ ያልፋል። ባትሪውን ንቀል። መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በካቫሌቶ ይቁም። መስታወቱን በወፍራም ጨርቅ ሸፍን፤ የግራይንደር ብልጭታ መስታወት ላይ ከተተከለ የሚወለውለው የለም።

6. የፊቱና የኋላው አንድ አይደሉም። በዚህ ላይ ብዙ መኪና ሲበላሽ አይቻለሁና ልብ በል። የፊቱ ፓራፋንጎ በብሎን የታሰረ ነጠላ ላሜራ ነው። ቢበላሽ ኪሴካ ገበያ ከተፈታታ መኪና ሌላ ትፈልግለታለህ። የኋላው ግን የቦዲው አካል ነው፤ ሁለት ላሜራ፣ የውስጡና የውጪው፣ በነጥብ ብየዳ ተያይዘዋል። ከንፈሩን ስትቆርጥ ያንን ብየዳ ነው የምትጥለው። ያን ጊዜ በሁለቱ መሐል ቀዳዳ ይከፈታል፣ ጎማው የሚረጨው ውሃና ጭቃ እዚያ ይገባል፣ ከበሩ በታች ወዳለው ባዶ ሣጥን ይወርዳል፣ ተቀምጦ ከውስጥ ይበላሃል። ትክክለኛው አሠራር የውጪውን መቁረጥ፣ የውስጡን እየሰነጠቁ ወደ ውጭ ማጠፍ፣ ሁለቱን መልሶ መበየድ፣ ከዚያ ስፌቱን በማሸጊያ መድፈን ነው። ፉንዲው፣ ማለት ባለሙያው፣ «ይህ አያስፈልግም፣ ስቱኮ እናደርግበታለን» ካለህ ቁልፍህን ተቀብለህ ሂድ። ካትዌና ንዴባ ላሜራን እንደ ጨርቅ የሚያዝዙ ሰዎች አሉ፤ ፈልገህ አግኛቸው፣ ሥራቸውን አይተህ ስጣቸው እንጂ ዋጋቸውን ሰምተህ አትስጥ።

7. በትንሽ በትንሹ ቁረጥ። የወረቀት ፕላስተር ለጥፈህ መስመር አስምር፣ ግራና ቀኙን ለካ፣ ካሰመርከው ግማሹን ብቻ አንሣ። ጎማውን መልሰህ እሰርና የጠመኔውን ፈተና ድገም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ጥጉን ደግሞ ሹል አድርገህ አትተው፤ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ስንጥቅ ከዚያ ይጀምራል። ክብ አድርገው።

8. የተቆረጠው ጠርዝ ራቁቱን አይደር። በሞረድ አለስልሰው፣ ቅባቱን አጽዳ፣ ዚንክ ያለበት የዝገት መከላከያ ቀባ፣ ከዚያ ቀለም፣ በላዩ የጠርዝ ጎማ። በረዶ ላይ ጨው የሚበተንበት የጃፓን አካባቢ የነበረ መኪና ከሆነ ላሜራውን ስትከፍተው የቆየ ዝገት ታገኝ ይሆናል፤ እሱን ሳታጸዳ በላዩ አትቀባ። ይህን ያህል የምጨቀጭቅህ መኪናው ስለማይተካ ነው። ቶዮታ ሰርፍን መሥራት ያቆመው በአውሮፓ አቆጣጠር 2009 ነው። ኡጋንዳ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ዕድሜው ከ15 ዓመት ያለፈ መኪና አታስገባም። ደምረው።

9. ከቆረጥክ በኋላ ሸፍን። ከቦዲው ውጭ የወጣ ጎማ ከኋላህ የሚመጣውን የቦዳ ቦዳ ሞተር ነጂ በጠጠር ይመታዋል፤ እሱ መስታወት የለውም። ሠላሳ ስምንትና አርባ አራት ኢንች ጎማ የሚያስሩት አይስላንዶች እንኳ ከቆረጡ በኋላ ሰፊ የጎማ ሽፋን ይገጥማሉ። የጭቃ መከላከያ ጎማህንም አትርሳ። የውስጡን ፕላስቲክ «ቦታ ይይዛል» ብለህ ጥለኸው አትቅር፤ ከሌለ ጭቃው የሞተርህ ቺንጊያና ዲናሞ ላይ ነው የሚያርፈው።

10. ፍጥነት መቁጠሪያህ ጎማውን ካሰርክበት ቀን ጀምሮ ይዋሽሃል። በትልቁ ጎማ 100 ሲል ወደ 107 እየነዳህ ነው። ፍሬንህም ከባድ ጎማ ነው የሚያቆመው፤ ሸራውን አስፈትሽ።

11. ትርፍ ጎማህም ያው መጠን ይሁን። ከሥር ባለው ቦታ አልገባ ካለ ጣሪያው ላይ ማሰሪያ አሠራለት፣ ከመንገድ በፊት። ትንሹን የድሮ ጎማ ይዘህ ሄደህ ካቦንግ አካባቢ አንዱ ቢፈነዳ፣ ሦስት ትልቅና አንድ ትንሽ አስረህ የአራት ጎማ መንጃውን አስገብተህ በደረቅ መሬት ስትነዳ ዲፈረንሻሉና ማከፋፈያው ማርሽ እርስ በርስ ይታገላሉ። እንደዚያ ከሆነብህ የአራት ጎማ መንጃውን አውጥተህ በሁለት ጎማ ብቻ ንዳ፣ ትንሹንም የፊት አድርገው፣ ቀስ እያልክ።