ትምህርት ዘጠኝ፦ ምክንያትና ውጤት በአስረጂ ድርሰት

ሀ. መግቢያ

አስረጂ ድርሰት አንድ ነገር እንዴትና ለምን እንደሚሆን በቅደም ተከተል የሚገልጽ የጽሑፍ ዓይነት ነው። ዋና ምሰሶውም ምክንያትን ከውጤት ጋር በትክክል ማያያዝ ነው። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከቀደመው ጋር በምን እንደተያያዘም አስተውሉ።

ለ. ምንባብ፦ ቡቃያ እንዴት ይረዝማል?

የጎመን ዘር ትንሽ ስለሆነ በውስጡ የያዘው ስንቅም ጥቂት ነው። ቡቃያው ይህ ስንቅ ሳያልቅ ከብርሃን ካልደረሰ ይሞታል። በጥልቀት የተዘራ ዘር ብዙ ጊዜ ሳይወጣ የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው። በጨለማ ያለ የቡቃያ ግንድ ፈጥኖ የሚረዝመው በአብዛኛው አዳዲስ ሕዋሳት ስለሚጨመሩ ሳይሆን፣ ያሉት ሕዋሳት ስለሚለጠጡ ነው።

ሕዋሱን ከውስጥ የሚገፋው የውሃ ግፊት ነው። ይሁን እንጂ የሕዋሱ ግድግዳ ሲለጠጥ አዲስ ነገር ካልተጨመረለት እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ሕዋሱ የግድግዳውን መሥሪያ ያለማቋረጥ ወደ ውጭ ማውጣት አለበት።

ፔክቲንና ሌሎች የግድግዳ መሥሪያዎች የሚዘጋጁት፣ ጣሊያናዊው ሐኪም ካሚሎ ጎልጊ በ1898 (እ.ኤ.አ.) በገለጸውና በስሙ በሚጠራው የጎልጊ አካል ውስጥ ነው። ከዚያም በጥቃቅን ከረጢቶች ተጭነው ወደ ሕዋሱ ስስ ሽፋን ይጓዛሉ። በዚያም ከስምንት ፕሮቲኖች የተጣመረው ኤክሶሲስት ከረጢቶቹን ይቀበላቸዋል፤ ከረጢቶቹም ከሽፋኑ ጋር ተዋሕደው ጭነታቸውን ወደ ውጭ ያፈስሳሉ። የጎመን ዘመድ በሆነችው አራቢዶፕሲስ በተባለች ትንሽ ተክል ላይ እንደታየው፣ ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ ሲጎድሉ በጨለማ የበቀለው ግንድ እንኳ አጭር ይሆናል፤ ሥሩም ያጥራል።

ከረጢቶቹ የሚራገፉበት ስፍራም ቅርጽን ይወስናል። በሥር ፀጉር ውስጥ የሚራገፉት ጫፉ ላይ ስለሆነ ፀጉሩ እንደ ክር ቀጥኖ ይረዝማል።

ሐ. ማብራሪያ

የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. ቡቃያው ብርሃን ለማግኘት ረዘመ።
2. ሕዋሳቱ ስለተለጠጡ ግንዱ ረዘመ።

«ለማግኘት» ዓላማን፣ «ስለተለጠጡ» ግን ምክንያትን ያመለክታል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ቡቃያው እንደ ሰው አስቦ የሚሠራ ያስመስለዋል፤ ግንዱ በምን ኃይልና በምን መሣሪያ እንደረዘመም አይነግረንም። ዓላማን በምክንያት ስፍራ ያስቀመጠ ጸሐፊ ያላወቀውን ነገር ያወቀ ይመስለዋል፤ መጠየቁንም ያቆማል።

መ. መልመጃ

1. ከምንባቡ «ስለ» የገባባቸውን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ምክንያቱንና ውጤቱን ለይታችሁ ጻፉ።
2. «ሥሩ ውሃ ለመፈለግ ወደ ታች ወረደ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የመሬትን ስበት በመጥቀስ ምክንያትን በሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ተኩት።
3. በሁለት ጣሳ ጎመን ዝሩ፤ አንዱን በጨለማ፣ ሌላውን በብርሃን አኑሩ። ሁለቱንም እኩል አጠጡ። ከሳምንት በኋላ ያያችሁትን ልዩነት፣ ለቡቃያው ሐሳብና ፍላጎት ሳትሰጡ፣ በአንድ አንቀጽ አስረዱ።