ማሽን በሌለበት ልብን ማሠልጠን
(ለጀማሪ የሚስማማውን እንቅስቃሴ ስለ መምረጥ)

መግቢያ

«ለጀማሪ የትኛው የስፖርት ማሽን ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ከሠልጣኞች ወገን ደርሶናል። ጠያቂው በዚህ ብቻ ሳያበቃ፣ «የምመደብበት ትምህርት ቤት ማሽን የሌለው፣ ለምሳሌ በማረሚያ ቤት ውስጥ ያለ ቢሆንስ?» ብሎ አክሎበታል። የዛሬውን ትምህርት እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይኸው ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

እንደሚታወቀው ከማሠልጠኛ የሚወጣ መምህር ሁሉ ሰፊ ሜዳ አይጠብቀውም። ማረሚያ ቤትም ተማሪ አለው። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል፣ ስሙ ለብዙ ዓመታት ሲነሣ የኖረውን የቃሊቲ ማረሚያ ቤት በምሳሌነት እንውሰድ። እንዲህ ባለ ቦታ መምህሩ የሚያገኘው አጥር ያለው ግቢ፣ ብዙ ሰውና የተወሰነ ሰዓት ነው። ከተማሪዎቹም መካከል ወጣት አለ፣ ሽማግሌ አለ፤ ለወራት ተቀምጦ የከረመም አለ። ታዲያ መምህሩ ምን ይምረጥ?

ማሽኑ ከየት መጣ?

አስቀድመን አንድ ታሪክ እናስታውስ። ዛሬ በየስፖርት ቤቱ የምናየው የመሮጫ ማሽን፣ ትሬድሚል የሚባለው፣ ስሙን የወረሰው ከእስር ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1818 ዊልያም ኪዩቢት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ለእስረኞች መቅጫ የሚሆን ትልቅ መንኮራኩር ሠራ። መንኮራኩሩ ዙሪያውን እንደ ደረጃ እርከን አለው። እስረኞች ጎን ለጎን ቆመው፣ እጀታ ይዘው፣ የማያልቅ ደረጃ ለሰዓታት ይወጣሉ። አንዳንዱ መንኮራኩር እህል ይፈጭ ወይም ውኃ ይስብ ነበር፤ አንዳንዱ ግን ከማድከም በቀር ምንም ጥቅም አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1898 ከወጣው የእንግሊዝ የእስር ቤቶች ሕግ በኋላ ይህ ቅጣት ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ሐኪሙ ሮበርት ብሩስና መሣሪያ ሠሪው ዌይን ኩዊንተን የልብ ሕመምተኞችን ለመመርመር የሚያገለግል በሞተር የሚሠራ መራመጃ አዘጋጁ። በ1968 ኬኔት ኩፐር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ስለ ልብና ሳንባ እንቅስቃሴ መጽሐፉን ካወጣ ወዲህ ተራው ሰውም ለጤናው መሮጥ ጀመረ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ያው እግር ማንሣት በአንድ እጅ ቅጣት፣ በሌላ እጅ መድኃኒት ይሆናል። ልዩነቱ ያለው በመሣሪያው ሳይሆን በመጠኑና በሚያዘው ሰው ነው። እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ የዘገየ ተማሪ ስናይ «ሦስት ዙር ሩጥ!» የምንል ስንቶቻችን ነን? በዚህ ዓይነት ተማሪው ሩጫን ከውርደት ጋር አያይዞ ያድጋል። በማረሚያ ቤት ውስጥ የሚያስተምር መምህርማ ከዚህ እጥፍ መጠንቀቅ ይኖርበታል። ለምን ቢሉ፣ ነፃነቱን ያጣ ሰው ቅጣቱን በፍርድ ቤት ተቀብሏል፤ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የሚጨምርበት ነገር የለም።

ማሽኖቹና በእጃችን ያለው

በስፖርት ቤት ጀማሪ የሚያጋጥሙት ማሽኖች ብዙዎች ቢሆኑም ዋናዎቹ አምስት ናቸው። እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ ካወቅን ምትኩን ማግኘት አያቅተንም።

ሀ/ የመሮጫ ማሽን (ትሬድሚል)፦ ለጀማሪ ጥሩነቱ በዝግታ መራመድ መቻሉ ነው፤ መራመድን ሁሉም ያውቃል። ምትኩ በአጥሩ ጥግ ጥግ መራመድ ነው። መሬት እንደ ማሽን አይገፋም፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ተራማጁ ራሱ በመሆኑ ለደካማ ሰው እንዲያውም ይሻላል።

ለ/ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት፦ የሰውነት ክብደት በመቀመጫው ላይ ስለሚያርፍ ጉልበቱን ለሚያመውና ለወፍራም ሰው የተመቸ ነው። በትክክል የሚተካው ባይገኝም፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበትን በየተራ ማንሣትና ክንድን ማወዛወዝ ይጠጋጋዋል።

ሐ/ ኢሊፕቲካል የሚባለው፣ እግር ከመርገጫው ሳይነሣ እጅና እግር አብረው የሚሠሩበት ማሽን፦ መገጣጠሚያን አይመታም። ምትኩ ክንድን በሰፊው እያወዛወዙ ባሉበት ቦታ መራመድ ነው።

መ/ የደረጃ መውጫ ማሽን፦ ልብን ቶሎ ያስመታል። ምትኩ ማንኛውም ጠንካራ እርከን ነው። ነገር ግን ለመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፤ ጉልበት ለሚያመው ደግሞ አይመከርም።

ሠ/ የቀዘፋ ማሽን፦ እግርን፣ ጀርባንና ክንድን ያሠራል። አያያዙን ያላወቀ ሰው ወገቡን ይጎዳበታል። ስለዚህ ጀማሪ ያለ አስተማሪ ባይነካው ይመረጣል፤ ምትክ ፍለጋም መድከም አያስፈልግም።

ገመድ መዝለልስ? ርካሽ ነው፣ ቦታ አይፈጅም፤ ቦክሰኞችም ይወዱታል። ሆኖም በእያንዳንዱ ዝላይ ሰውነት ተመልሶ መሬት ይመታል። ተቀምጦ የከረመ ሰው በመጀመሪያው ቀን ቢዘል በማግሥቱ ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል። በተጨማሪም በማረሚያ ቤት ገመድ ያለ ፈቃድ የሚገባ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ቆይቶ የሚመጣ ነው።

እንግዲህ ለጀማሪ የትኛው ይሻላል ለሚለው መልሳችን አጭር ነው፤ የማያመው፣ የሚችለውና ነገም ሊደግመው የሚፈልገው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ መራመድ ሆኖ ይገኛል።

ጠባብ ቦታ ሰበብ አይሆንም

ኔልሰን ማንዴላን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ አገራችን መጥተው በአዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ኋላም በሮበን ደሴት በሦስት ርምጃ በሚያልቅ ክፍል ውስጥ ታስረው ሳለ፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት ጠዋት እዚያው በቆሙበት እስከ 45 ደቂቃ ይሮጡ እንደነበር በሕይወት ታሪካቸው ተርከዋል። በእርሳቸው ስም የተሰየመው የተባበሩት መንግሥታት የእስረኞች አያያዝ ደንብ፣ በ1955 ወጥቶ በ2015 የተሻሻለው፣ ከቤት ውጭ ሥራ የሌለው እስረኛ የአየሩ ጠባይ ከፈቀደ በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት በነፃ አየር እንዲንቀሳቀስ ያዛል። ስለዚህ እንቅስቃሴ ለታራሚ የሚሰጥ ጉርሻ ሳይሆን የሚገባው ነገር ነው።

ይሁን እንጂ 45 ደቂቃ የማንዴላ መጠን እንጂ የጀማሪ መጠን አይደለም። እርሳቸው ከመታሰራቸው በፊት ቦክስ ይለማመዱ የነበሩ ሰው ናቸው።

ከስሕተታችን የተማርነው

በዚህ ረገድ እኛም አጥፍተን እናውቃለን። በአንድ የማታ ትምህርት ቤት ልምምድ ስናስተምር ሠላሳ ያህል ጎልማሶችን አሰልፈን በመጀመሪያው ቀን አሥር ዙር አስሮጥናቸው። ፊት ፊት የሮጡት ሁለት ወጣቶች ነበሩ፤ «አየህ፣ ይቻላል!» አልን። አንድ አባት ግን ግድግዳ ተደግፈው ቀሩ። ፊታቸው ዐመድ መስሎ ነበር። ደግነቱ ዐርፈው ተነሡ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከሠላሳው የመጡት አሥራ አንድ ናቸው። እኚያ አባትም አልመጡም። ትምህርቱን ለብርቱዎቹ ሰጥተን፣ የሚያስፈልጋቸውን አባረርን ማለት ነው።

መጠኑን በምን እናውቃለን?

1. በንግግር። እየተራመደ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር የሚችል፣ መዝፈን ግን የሚያቅተው ሰው መጠኑ ላይ ነው። ሁለት ቃል ተናግሮ ትንፋሽ ካጠረው ይቀንስ። ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ካንቆረቆረው ደግሞ ትንሽ ይጨምር።

2. በልብ ትርታ። ሁለት ጣት የእጅ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል፣ አድርጎ በ15 ሴኮንድ ውስጥ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ነው። ከ220 ላይ ዕድሜን ስንቀንስ ከፍተኛውን ትርታ በግምት እናገኛለን። የ40 ዓመት ሰው 180 ይሆናል። ጀማሪ ከዚህ ግማሽና ከግማሽ ጥቂት በላይ፣ ማለትም ከ90 እስከ 110 አካባቢ፣ ቢቆይ ይበቃዋል። ይህ ስሌት ግምት ስለሆነ ከንግግሩ ፈተና ጋር ካልተስማማ ንግግሩን እንመን።

3. በቦታው ከፍታ። አዲስ አበባና አካባቢዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣሉ። ከአፋር ወይም ከጋምቤላ ቆላ በቅርቡ የመጣ ሰው ቶሎ ቢያለከልክ ስንፍና አይምሰለን፤ አየሩ ስለሳሳበት ነው።

የስምንት ሳምንት ዕቅድ

1ኛና 2ኛ ሳምንት፦ በሳምንት 3 ቀን፣ በየቀኑ 10 ደቂቃ መራመድ።
3ኛና 4ኛ ሳምንት፦ በሳምንት 4 ቀን፣ 15 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ።
5ኛና 6ኛ ሳምንት፦ በሳምንት 4 ቀን፣ 20 ደቂቃ። የሚችል 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ ርምጃ እያፈራረቀ፤ የማይችል በርምጃው ይቀጥል።
7ኛና 8ኛ ሳምንት፦ በሳምንት 5 ቀን፣ 30 ደቂቃ።

መጨረሻው በሳምንት 150 ደቂቃ ይመጣል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው በትንሹ የሚመክረው ይህንኑ ነው። ሁልጊዜ መጀመሪያ 5 ደቂቃ ማሟሟቅ፣ በመጨረሻም 5 ደቂቃ በዝግታ መራመድ አይቅር። ድንገት ቀጥ ብሎ መቆም ራስ ያዞራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ዕቅዱ ዘገምተኛ የሆነው ሆን ተብሎ ነው።

ጥንቃቄ

ደረቱን የሚወጋው፣ ራሱን የሚያዞረው፣ ትኩሳት ያለበት በዚያን ቀን አይሥራ፤ ለሐኪም ይታይ። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ሰው፣ በተለይ ብዙ ሰው አብሮ በሚያድርበት ቤት፣ ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት። ሳይበላ የመጣውን በግድ አናስሩጥ። ሽማግሌውን «አንተ» ብለን አንጥራ፤ «አባቴ፣ ዛሬ እንዴት ዋሉ?» ብለን እንጀምር። ይህም የትምህርቱ ክፍል ነው። ብርቱው ወጣት ለብቻው እንዳይፈተለክ ደግሞ ከደካማው ጋር ጥንድ አድርገን እያነጋገረ እንዲያራምድ እናድርግ፤ የንግግሩ ፈተና በዚያው ይሠራልናል።

ማጠቃለያ

ማሽን ቢኖር አንጠላም። ነገር ግን ማሽን የሌለው መምህር ባዶ እጁን አይደለም፤ ግድግዳ፣ እርከን፣ ሰዓትና ጆሮ አለው። በጆሮው የተማሪውን ትንፋሽ ካዳመጠ መጠኑን አይስትም። የሠራነው ሥራ የሚመዘነውም በመጀመሪያው ቀን ስንት ዙር እንዳስሮጥን ሳይሆን በስምንተኛው ሳምንት ስንት ሰው እንደቀረልን ነው። እኚያን አባት ዛሬ ብናገኛቸው ኖሮ አብረናቸው አሥር ደቂቃ እንራመድ ነበር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሩጫ ቅጣት የሚሆነው መቼ ነው? ከራሳችሁ የትምህርት ዘመን ምሳሌ ስጡ።
2. የ50 ዓመት ጀማሪ የልብ ትርታ ከስንት እስከ ስንት ቢሆን ይመረጣል? አስሉ።
3. ጉልበቱን የሚያመው ታራሚ ቢያጋጥማችሁ ከአምስቱ የትኛውን ምትክ ትመርጡለታላችሁ? ለምን?
4. 20 ርምጃ ብቻ በሚያስኬድ ግቢ 40 ሰው እንዴት ይራመዳል? ሥዕል ሠርታችሁ አሳዩ።